ያልተሳሉትን ስለት መክፈል
የበዛብህ ጉዞ ለእኛና ለልጆቻችን ምን ይላል?

የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያላነበበ፣ ባያነበውም ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ያልሰማ ወይም ከሰማ ሰው አፍ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ እነሆ ስድሳ ዓመት ያህል ሆነው። ዛሬም እዚህ ኮሎምበስ ሁለት ሦስት ሰው ቡና ይዞ ከተቀመጠና ወሬው ወደ መጻሕፍት ካዘነበለ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ስም መነሣቱ አይቀርም። አንዱ ስለ ፍቅራቸው፣ ሌላው ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት፣ ሦስተኛው ስለ ጉዱ ካሳ ምላስ ያወራል። ስለቱን የሚያነሣ ግን እምብዛም አይገኝም። እኛ ዛሬ ልናነሣ የፈለግነው ይህንኑ ስለት ነው። ምክንያቱም በዚህ ከተማ በሚገኙ ብዙ ቤቶች ውስጥ ያው ስለት ስሙን ለውጦ፣ ሶፋው ላይ ተደላድሎ ተቀምጦ እናየዋለን።

ለረሳችሁና ገና ላላነበባችሁ ታሪኩን ባጭሩ እናስታውስ። ጎጃም ውስጥ ማንኩሳ በሚባል አገር ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ የተባሉ ባልና ሚስት አንድ ወንድ ልጅ ይወልዳሉ። ልጁ እንዲያድግላቸው፣ ሞት እንዳይነጥቃቸው ሲሉ ለእግዚአብሔር ይሳላሉ። ልጃቸው ካደገላቸው ዕድሜውን ሁሉ ለአምላክ አገልግሎት ይሰጣል፣ ሚስትም አያገባም። ልጁ በዛብህ ነው። ስለቱ በስሙ ሲገባ እሱ ስለ ስለት ቀርቶ ስለ ነገም የሚያውቅ አልነበረም። ፊደል ቆጠረ፣ ዜማ ተማረ፣ ቅኔ ቤት ገባ፤ በመጨረሻም በድምፁና በዕውቀቱ ዲማ ጊዮርጊስ ላይ ስሙ የሚጠራ ሆነ። እዚያ ሳለ ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል ማንበብና መጻፍ እንዲያስተምር ወደ ቤታቸው አስገቡት። ፊታውራሪው ለዘራቸው የሚመጥን አማች አጥተው ልጅቱን ያለ ባል ያስቀመጡ ሰው ናቸው። መምህርና ተማሪ ተዋደዱ። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

በዛብህ ከዚያ ወዲያ በሁለት ግድግዳ መካከል ቆመ። በአንዱ ወገን የፊታውራሪው ዘርና ኃይል አለ። በሌላው ወገን በዓይን የማይታየው የወላጆቹ ቃል አለ። አብዛኞቻችን የምናስታውሰው የመጀመሪያውን ነው። መጽሐፉን ረጋ ብሎ ለሚያነብ ግን ሰውየውን ከውስጥ የሚበላው ሁለተኛው ነው። ከፊታውራሪ መሸሻ ሸሽቶ አዲስ አበባ መግባት ይቻላል፤ ገባም። ስለቱ ግን ስንቅ ሆኖ አብሮት ተጓዘ። በፍቅሩ ደስ ባለው ቁጥር የወላጆቹን ቃል ያፈረሰ እየመሰለው ይፈራል። የገዛ ደስታውን እንደ ሌባ ነው የሚቀምሰው።

ስለት በባሕላችን የቀለደበት የለም። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል የሄደ ሰው የሚያየውን ያውቃል፤ ጃንጥላ የተሸከመ፣ ጧፍና ዕጣን የያዘ፣ በስለት ያገኘውን ልጅ ክርስትና ሊያስነሣ ያዘለ። ከዚህ አገርም ጥገኝነቱ ሲፈቀድለት፣ ግሪን ካርዱ ሲመጣለት የስለቱን ገንዘብ በዘመድ የሚልክ ሞልቷል። ልጅን ለእግዚአብሔር መስጠትም ቢሆን የሐዲስ ዓለማየሁ ፈጠራ አይደለም። ሐና ሳሙኤልን ተስላ ወልዳ ጡት ሲጥል ለቤተ መቅደስ ሰጠችው። እመቤታችንም በሦስት ዓመቷ ቤተ መቅደስ የገባችው በወላጆቿ ስለት መሆኑን ቤተ ክርስቲያናችን ታኅሣሥ 3 በበዓታ ለማርያም ታስበዋለች።

ያው መጽሐፍ ቅዱስ ግን በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 11 ላይ ሌላም ስለት ጽፎልናል። ዮፍታሔ ጦርነቱን ድል ካደረግሁ ከቤቴ ደጅ ሊቀበለኝ የሚወጣውን እሰጣለሁ ብሎ ተሳለ። ድል አድርጎ ሲመለስ ከበሮ ይዛ እየዘፈነች የወጣችው አንዲት ልጁ ናት። አባት ልብሱን ቀደደ። ልጅቱ ግን አባቷን አልተከራከረችም፤ የጠየቀችው በተራራ ላይ ከጓደኞቿ ጋር የምታለቅስበት ሁለት ወር ብቻ ነው። የተሳለው አንድ ሰው፣ የከፈለው ሌላ ሰው ነው። በዛብህን የዚያች ልጅ ወንድም አድርገን ብንቆጥረው ደራሲው የሚቀየሙን አይመስለንም።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ።

ከክሊቭላንድ አቬኑ እስከ ሐሚልተን ሮድ፣ ከዋይትሆል እስከ ሞርስ ሮድ ባሉት የወገኖቻችን ቤቶች ክርስትና ወይም ልደት ሲኖር እንግዳው ሁሉ ለልጁ የሚያቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ልጁ አፉን ሳይከፍት እናቱ «ዶክተር!» ትላለች። ቤቱ እልል ይላል። ልጁ ምናልባት አምስት ዓመቱ ነው፤ እሱ ያሰበው ኬኩን ነው። ከዚያ በኋላ ግን ያቺ ቃል ከቤቱ አትወጣም። አባት ሪከንባከር አካባቢ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ሌሊቱን ሙሉ ሳጥን ሲጭን አድሮ ጎኑን እየደገፈ ሲገባ «ለማን ብዬ ነው?» ይላል። እናት በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ሁለት ፈረቃ ደርባ ስትመለስ ያንኑ ትላለች። ታክሲ ነጂውም አውሮፕላን ማረፊያው ሥር ተራውን ሲጠብቅ ያንኑ ይላል። (ብዙዎቻችን አሁንም ፖርት ኮሎምበስ የምንለው አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በጠፈርተኛው በጆን ግሌን ስም ነው የሚጠራው፤ ስሙን መልመድ ግን አቅቶናል።) ሁሉም እውነታቸውን ነው። ለልጆቻቸው ነው። ቦጋለና ውድነሽም ለበዛብህ ብለው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በሐቅ መናገር ያስፈልጋል። ስለቱ በዛብህን ጎዳው ብቻ ብሎ ማለፍ ግፍ ነው። ያን ዜማ፣ ያን ቅኔ፣ ያን የዲማን ክብር ያገኘው በስለቱ መንገድ ነው። ስለቱ ባይኖር ማንኩሳ ላይ እርሻ ሲያርስ በኖረ፤ የፊታውራሪውንም ደጅ ባልረገጠ ነበር። በእኛም መካከል ወላጆቻቸው የገፉአቸው ልጆች ነርስ፣ መሐንዲስ፣ ፋርማሲስት ሆነው እያየን ነው። ቤተሰብ የማይገፋው፣ ማንም ምንም የማይጠብቅበት ልጅ በዚህ አገር መንገድ ላይ ምን እንደሚገጥመውም እናውቃለን። ስለዚህ «ተዉአቸው፣ የፈለጉትን ይሁኑ» የሚለው የፈረንጅ ምክር ለእኛ ግማሽ መልስ ነው። ግማሽ መልስ ደግሞ አንዳንዴ ከስሕተት የባሰ ነው።

ጉዳቱ ታዲያ የት ላይ ነው? እኛ እንደምናየው ስለት መኖሩ ላይ አይደለም። መጠኑ ያልተነገረ፣ ከፋዩም ያልተጠየቀበት መሆኑ ላይ ነው።

የቁልቢው ስለት መጠን አለው። አንድ ጃንጥላ ብለህ ከሆነ አንድ ጃንጥላ ትሰጣለህ፣ ተስለህ ወደ ቤትህ ትገባለህ፣ ኅሊናህ ያርፋል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 27 ሰው በስለት ሲሰጥ እንኳ የሚዋጅበት ዋጋ ተቆርጦለታል። ከሃያ እስከ ስድሳ ዓመት ያለ ወንድ 50 ሰቅል፣ ሴት 30፤ ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ያለ ወንድ 20፣ ሴት 10። ድሃ ከሆነም ካህኑ እንደ አቅሙ ይተምንለታል ይላል። ልብ በሉ፤ ይህ የሙሴ ሕግ ነው፣ የዘመናዊ ሥነ ልቦና መጽሐፍ አይደለም። የሰው ልጅ በሌላ ሰው አፍ የገባበትን ቃል ዕድሜውን በሙሉ ሳይሆን በሚታወቅ ልክ እንዲከፍል በር ተከፍቶለታል። ለበዛብህ ይህን በር ያሳየው አልነበረም።

እስቲ «ዶክተር» የምትለዋን ቃል መጠን እንቁጠረው። በዚህ አገር ሐኪም ለመሆን አራት ዓመት ኮሌጅ፣ አራት ዓመት የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ከዚያ እንደ ሙያው ዓይነት ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት የሆስፒታል ሥልጠና ያስፈልጋል። ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ማለት ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቱ የጀመረ ልጅ ሠላሳ ሊሞላው ሲል ወይም ካለፈው በኋላ ይጨርሳል፣ ብዙውን ጊዜም ከከባድ ዕዳ ጋር። ወዶ ለገባበት ሰው መንገዱ ረጅም ነው። ሳይወድ ለገባበት ግን ገዳም ነው። ክርስትናው ላይ እልል ስንል ይህን ቆጥረን ነበር?

ያልተጠየቁት ልጆች ምን ያደርጋሉ? ብዙዎቹ የሚያደርጉት በዛብህ ያደረገውን ነው፤ ይደብቃሉ። ኮሌጅ ገብተው የትምህርት ዘርፋቸውን በሁለተኛው ዓመት ለውጠው ቤት ሳይናገሩ የሚቆዩ አሉ። ኬሚስትሪው ወድቀው ውጤቱን የሚሸሽጉ አሉ። ስልክ ሲደወል «ደኅና ነው፣ ጥሩ ነው» ብለው የሚዘጉ አሉ። እናት ከማኅበር ወዳጆቿ ጋር ስለ ልጇ የሕክምና ትምህርት ስትጫወት ልጅቱ ከሄደችበት ሌላ መንገድ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ስለቱ የጎዳው ከልጅቱ በላይ የእናትና የልጅን ወሬ ነው። መነጋገር ቀረ። ይህን የምንለው ለወቀሳ አይደለም። በዝግጅት ክፍላችን ውስጥ ያለነውም ወላጆች ነን፤ ከኬኩ ፊት ቆመን እልል ካልነው መካከል ነን።

እኛስ የማን ስለት ነን?

ነገሩን በልጆቻችን ላይ ብቻ ማቆም ግን ተገቢ አይመስለንም። እኛ ራሳችንም የስለት ልጆች ነን። ዲቪ ሲደርሰን፣ ወይም በሱዳንና በኬንያ በኩል ስንወጣ፣ ትኬቱ የተገዛው በስንት ሰው ገንዘብ ነበር? ከብት ተሸጧል፣ ዕቁብ ቀድሞ ወጥቷል፣ አጎት ተበድሯል። እናት ለቁልቢ ተስላለች። የቁልቢው ጃንጥላ በመጀመሪያው ደመወዝ ተከፈለ። ሌላው ስለት ግን፣ «እሱ ሲሄድ ቤተሰቡን ያወጣል» የተባለው፣ ይኸው ስንት ዓመት ሆነው። ማን ማንን ነው የሚያወጣው? ከምን? እስከ መቼ? በስንት? ያኔ ማንም አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅንም። የታናሽ ወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ ሲያልቅ የእኅት ሠርግ ይመጣል፣ ሠርጉ ሲያልፍ የአባት ሕክምና፣ ከዚያ የአክስት ልጅ የውጭ ጉዞ።

መላክ ክፉ ነው አላልንም፤ ማንም አይልም። ነገር ግን በዚህ ከተማ አገር ቤት መምህር፣ ጋዜጠኛ፣ የሂሳብ ሠራተኛ የነበሩ፣ እዚህ በመጡ ሰሞን ኮሎምበስ ስቴት ኮሌጅ ገብተን እንማራለን ብለው ያሰቡ ሰዎች አሉ። ዛሬ በአርባዎቹ ውስጥ ሆነው፣ ሁለት ሥራ ይዘው፣ «ወንድሜ ይመረቅና» ይላሉ። ወንድምየው ከተመረቀ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ይህ ሰው የተሳለበትን ቃል ከፍሎ ጨርሶ ይሆናል፤ ግን መጠኑ ስላልተነገረው መጨረሱን አያውቅም። በዛብህም እንዲሁ ነበር። ቢጠየቅ ስለቱ የት ላይ እንደሚያልቅ መናገር አይችልም ነበር።

አገር ቤት ያሉትም ቢሆኑ ጨካኝ ሆነው አይደለም። እኛ ኑሯችንን ደብቀናቸው ነው። ፎቶ ስንልክ ከመኪና አጠገብ ቆመን ነው፤ የመኪናውን ወርኃዊ ክፍያ አንልክም። በዚህ ረገድ ደባቂዎቹ ልጆቻችን ብቻ አይደሉም፤ ከማን እንደተማሩትም ግልጽ ነው።

ሰብለ ወንጌልና ካሳ ዳምጤ

«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በጉዞው ያደገ ሰው ማን ነው ብንባል እኛ የምንመርጠው በዛብህን አይደለም። በዛብህ ገር ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፍርሃቱን ታቅፎ ነው የኖረ። ያደገችው ሰብለ ወንጌል ናት። አስቡት፤ የፊታውራሪ ልጅ ናት። ከግቢው ያለ አጃቢ ወጥታ የማታውቅ፣ ፊደልን እንኳ በጉልምስና ዕድሜዋ የቆጠረች ሴት ናት። እሷም በአባቷ አፍ ተስላለች፤ «ለዘራችን የማይመጥን አያገባትም» ማለት ስለት ካልሆነ ምንድን ነው? ቀኑ ሲደርስ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ፣ ከአባቷ ቤት ወጥታ፣ በእግሯ ወደ አዲስ አበባ መንገድ ጀመረች። ስትደርስበት በዛብህን ወንበዴ መንገድ ላይ ደብድቦት በሞት አፋፍ ነበር። ከዚያም ወደ አባቷ ቤት አልተመለሰችም፤ መንኩሳ በመቃብሩ አጠገብ ቀረች። መጨረሻዋ አሳዛኝ ነው። ግን የተራመደችው እርምጃ የራሷ ነው።

ከሰብለ ወንጌል የምንወስደው አንድ ነገር አለ፤ ፊደሉ። ማንበብ እስክትማር ድረስ ስለ ራሷ የወሰነችው ነገር አናይም። ይህን ስንል የእንግሊዝኛ ክፍል ተመዝግበው ልጅ የሚይዝላቸው አጥተው ያቋረጡ እናቶች ትዝ ይሉናል። ሁለት ሦስት ጎረቤቶች በተራ ልጅ ቢያዩ የሚፈታ ነገር ነው፤ በአገራችን ጎረቤት ይህን ለማድረግ ስብሰባ አይጠራም ነበር።

ጉዱ ካሳን ደግሞ ሁላችንም እንወደዋለን። ስሙ ካሳ ዳምጤ ነው፤ «ጉዱ» ያሉት ሰው የማይለውን ስለሚል ነው። የማኅበሩን ሥርዓት አንዱ ድንጋይ በሌላው ላይ ተጭኖ እንደቆመ ካብ አድርጎ የተመለከተ፣ የታችኛው ድንጋይ ሲናጋ የላይኛውም እንደሚወድቅ የታየው ሰው ነው። እዚህ ኮሎምበስም ጉዱ ካሳዎች አሉን። በእድር ስብሰባ ላይ የሂሳብ ሪፖርቱ ሲነበብ እጃቸውን የሚያወጡት እነሱ ናቸው፤ አዳራሹም ያጉረመርማል። እውነታቸውን ነው፤ ግን ብዙዎቹ እዚያው ላይ ይቆማሉ። ካሳ ዳምጤን ከነሱ የሚለየው ነገር በመጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ ይታያል። ዕድሜውን በሙሉ ሲናገር የኖረው ሰው ሁለቱ ልጆች ሲቸገሩ ንግግሩን ትቶ ማምለጫውን አብሮ አሰላ፣ አገዛቸው። የቤተ ዘመድ ቁጣ በራሱ ላይ እንደሚወርድ እያወቀ ነው። በየቤተሰቡ እንዲህ ያለ አንድ አጎት ወይም አንዲት አክስት ቢኖር፣ ልጁ ለአባቱ ሊናገር የፈራውን ሰምቶ፣ ልጁንም አባቱንም ይዞ አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ፣ ብዙ ነገር ባልተደበቀ ነበር።

ስለ ደራሲው አንድ ቃል ጨምረን እንለፍ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ተወልደው እንደ በዛብህ በቤተ ክህነት ትምህርት ነው ያደጉት። ከዚያ አዲስ አበባ መጥተው ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ። ጣሊያን ሲወርረን ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው ተማረኩ፣ ኢጣሊያ ውስጥ ለዓመታት ታሰሩ፤ ነፃነት ሲመለስ ኢየሩሳሌም፣ ዋሽንግተንና ለንደን ላይ አገራቸውን በዲፕሎማትነት አገለገሉ። በ1996 ዓ.ም. አረፉ። ከዲማ የቅኔ ቤት የተነሣ ልጅ የተጓዘው መንገድ ይህን ያህል ነው። በዛብህን ሲጽፉ የራሳቸውን መነሻ ያውቁ ነበር፤ የቅኔ ተማሪውን ሕይወት የሚያህል ሕያው ክፍል በመጽሐፉ ውስጥ ያለመኖሩም ከዚህ ይመስለናል።

ከመጽሐፉ ወጥተን ለወላጆች የሚጠቅም አንድ መረጃ እናካፍል። የኦሃዮ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 የጀመረው «ኮሌጅ ክሬዲት ፕላስ» የሚባል ፕሮግራም አለ። ከሰባተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያሉ ብቁ ተማሪዎች የኮሌጅ ትምህርት እንዲወስዱ ያስችላል፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ በመንግሥት ኮሌጅ ሲማር ለትምህርቱም ለመጽሐፉም አይከፍልም። ጥቅሙ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ልጁ ገና በአሥራ ስድስት ዓመቱ ባዮሎጂውን ሞክሮ መውደድ አለመውደዱን ያውቃል፤ ውጤቱ ግን በኮሌጅ መዝገቡ ላይ ስለሚቀር ሳይዘጋጅ አይግባበት። የምዝገባ ፍላጎት በየዓመቱ የጸደይ ወራት ለትምህርት ቤቱ መገለጽ ስላለበት አማካሪውን ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። ለበዛብህ ማንም «ሞክረውና እየው» አላለውም።

መጽሐፉን ለልጆቻችሁ ለማስነበብ የምትፈልጉ ሲሳይ አየነው ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመውታል። የኛ ምርጫ ግን አማርኛውን እናንተው ጮክ ብላችሁ ማንበብ ነው፤ ወጋየሁን ማንም ባያክልም ልጅ የእናቱን ድምፅ አይንቅም። ስለቱ የሚነሣበት ቦታ ላይ ስትደርሱ መጽሐፉን አጥፋችሁ «እኛስ ባንቺ ላይ ምን የተሳልን ይመስልሻል?» ብላችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ «ምንም» ትላለች። ቡናው እስከ በረካ ድረስ ይፍላ፤ ወሬው የሚመጣው በሦስተኛው ስኒ ላይ ነው።